በበሰለ ዕድሜ በኢንተርኔት የኑሮ ጓደኛ ስለ መፈለግ

በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ዛሬ ልንጽፍ የወደድነው ብዙ ሰው በልቡ እያሰበው በአፉ ለመናገር ስለሚያፍረው ነገር ነው። ይኸውም ዕድሜው አርባና አምሳ ከዚያም በላይ የሆነ ሰው፣ ባልዋ የሞተባት ወይም ከባልዋ የተለያየች ሴት፣ ሚስቱ የሞተችበት ወይም ትዳሩ የፈረሰበት ወንድ፣ በኢንተርኔት የኑሮ ጓደኛ ለመፈለግ ባሰበ ጊዜ ከብዙዎቹ የመተዋወቂያ ገጾች የትኛውን መምረጥ፣ ከመረጠም በኋላ እንዴት መጠንቀቅ እንደሚገባው ነው።

ይህ ነገር በተነሣ ጊዜ ሰዎች በሁለት ወገን ሲከፈሉ እናያለን። አንዱ ወገን «ልጆቹን ድሮ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ደግሞ እንደ ጐረምሳ ጓደኛ ይፈልጋልን?» እያለ ይሥቃል። ሁለተኛው ወገን የዘመኑ ጥበብ ያመጣው ሁሉ መልካም ነው ብሎ ሳይመረምር ይገባበታል። እኛ ግን የሚሥቀውንም የሚቸኩለውንም አንከተልም። ብቸኝነት ዕድሜ አይመርጥም፤ እንዲያውም ልጆች አድገው ከቤት በወጡበት፣ እኩዮችም በሞትና በስደት በተለያዩበት ዘመን ይብሳል። ስለዚህ ማታ የሚያጫውት፣ በሕመም ጊዜ ውሃ የሚያቀብል ጓደኛ መፈለግ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። የሚያሳፍረው ሌላውን ማታለል ነው፤ የሚያሳዝነውም ተታሎ የዕድሜ ልክ ጥሪትን ማጣት ነው።

በአገራችን ልማድ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል፤ የሴቲቱ ወገን ቀን ይቀጥራል፤ በዚያም ቀጠሮ መካከል ስለ ሰውዬው ጠባይ፣ ስለ ንብረቱና ስለ ዕዳው ጎረቤትም ባልንጀራም ይጠየቃል። በብዙ ስፍራም ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጠራል። ይህ ልማድ ጉድለት ነበረበት፤ ብዙ ጊዜ የሙሽራይቱ ፈቃድ አይጠየቅም ነበርና። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው፤ ሐሰተኛ ሰው በዚያ ሁሉ ምስክር መካከል ማለፍ ይቸግረው ነበር። በኢንተርኔት ገጽ ላይ ግን ሽማግሌ የለም፤ ጎረቤት የለም፤ ዋስም የለም። ያለው ሰውዬው ስለ ራሱ የጻፈው ቃልና የለጠፈው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። እንግዲህ ከዚህ በታች የምንሰጠው ምክር ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም አዲሱ መንገድ ያስቀረውን ምስክር ፈላጊው በራሱ ብልኃት መልሶ ማምጣት ይገባዋል የሚል ነው።

ወደ ምክሩ ከመግባታችን በፊት የነገሩን መነሻ በአጭሩ እናሳያለን፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና። ያልተጠቀሰ እንደ ሆነ በስተቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።

የትዳር ጓደኛ በማስታወቂያ መፈለግ የዛሬ ሥራ አይደለም። በ1695 ዓ.ም. በሎንዶን ጆን ሆውተን የሚባል ሰው ስለ እርሻና ስለ ንግድ በሚያሳትመው ጋዜጣ ላይ፣ ዕድሜው 30 ዓመት ገደማ የሆነና መልካም ርስት አለኝ የሚል ሰው የ3000 ፓውንድ ሀብት ያላት ወጣት ሴት ለማግባት እንደሚወድ ታትሞ ነበር። እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማስታወቂያ አውጪው ስለ ሀብቱ የሚናገረውን ሌላ ሰው አልመሰከረለትም። በ1965 ዓ.ም. በአሜሪካ የሃርቫርድ ተማሪዎች «ኦፐሬሽን ማች» የሚባል ሥራ ጀመሩ፤ ወጣቶች ስለ ራሳቸውና ስለሚፈልጉት ሰው ለብዙ ጥያቄዎች መልስ ሰጥተው ከ3 ዶላር ጋር ሲልኩ፣ ኮምፒዩተር የሚስማሙትን ሰዎች ስም መርጦ ያወጣላቸው ነበር። በ1995 ዓ.ም. ማች ዶት ኮም የተባለው ገጽ በኢንተርኔት ተከፈተ። በ2000 ዓ.ም. ኢሃርመኒ፣ በ2004 ዓ.ም. ኦኬኪውፒድ፣ በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በእጅ ስልክ ላይ ፎቶግራፍ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየገፉ የሚመርጡበት ቲንደር ተከተሉ።

ዛሬ ነገሩ ጥቂት ሰዎች የሚሠሩት አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ማይክል ሮዝንፌልድ ከባልደረቦቹ ጋር በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት፣ በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተገናኙት ወንዶችና ሴቶች ጥንዶች መካከል 39 በመቶ ያህሉ የተዋወቁት በኢንተርኔት መሆኑን አሳይቷል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2022 ዓ.ም. በጠየቀ ጊዜም፣ ዕድሜአቸው ከ50 እስከ 64 ከሆነው አሜሪካውያን 20 በመቶ፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸውም 13 በመቶ በእንዲህ ያለ ገጽ ተጠቅመው እንደሚያውቁ ተናግረዋል። ምክንያቱም ግልጥ ነው። በዚያው አገር ከ1990 እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ዘመን ዕድሜአቸው ከ50 በላይ የሆኑ ባልና ሚስቶች ፍቺ እጥፍ ሆኗል፤ ስለዚህ በበሰለ ዕድሜ እንደ ገና ብቻውን የቀረ ሰው በዝቷል። በዋሺንግተን ወይም በሎንዶን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖሩት የአገራችን ሰዎችም ሽማግሌ የሚልኩበትና ስለ ሰው የሚጠይቁበት ሰፈር ስለ ራቃቸው ወደዚሁ መንገድ ማየታቸው አያስደንቅም።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። አንደኛ፤ ሰው ገጹን ከመምረጡ በፊት የሚፈልገውን ነገር ከራሱ ጋር ይነጋገርበት። በሕግ የጸና ጋብቻ ነውን? በየቤታቸው እየኖሩ የሚጠያየቁበት ወዳጅነት ነውን? ወይስ አብሮ የሚጫወትና የሚጓዝ ባልንጀራ ነውን? በወጣትነት ዘመን ሁለት ሰዎች ኑሮን አብረው ይጀምራሉ፤ በበሰለ ዕድሜ ግን እያንዳንዱ ልጆች፣ ቤት፣ ዕዳ፣ ሕመምና ልማድ ይዞ ይመጣል። የሚፈልገውን ያላወቀ ሰው ገበያ ወጥቶ የሻጩን ፍላጎት ገዝቶ ይመለሳል። የሚፈልገውን ያወቀ ሰው ግን በመጀመሪያው ሳምንት በግልጥ ይጽፈዋል፤ ከዚህም የተነሣ የማይስማማው ሰው ጊዜውን ሳያጠፋበት ይሄዳል።

ሁለተኛ፤ የገጾቹን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ እንደ ቲንደር ያሉት ሁሉም ዓይነት ሰው የሚገባባቸው ሰፊ ገበያዎች ናቸው፤ ፎቶግራፉ ይቀድማል፤ ቃሉ ያጥራል፤ የሚበዙትም ወጣቶች ናቸው። ሌሎቹ እንደ ኢሃርመኒ ያሉት ሰው ከመግባቱ በፊት ስለ ጠባዩና ስለ ሐሳቡ ብዙ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ይህም ትዕግሥት የሌለውን ሰው በደጅ ያስቀረዋል። ሦስተኛው ዓይነት እንደ አወርታይምና እንደ ሲልቨርሲንግልስ ያሉት ከ50 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች ተብለው የተዘጋጁ ናቸው። አራተኛው ዓይነት ለአንድ ሃይማኖት ወይም ለአንድ ሕዝብ የቆሙ ናቸው፤ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውና ለአይሁድ የሚሆነው ጄዴት ለዚህ ምሳሌ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተጀመረው ባምብል ደግሞ መጀመሪያ የምትጽፈው ሴቲቱ ትሁን የሚል ሥርዓት አውጥቶ ነበር፤ በ2024 ዓ.ም. ግን ሥርዓቱን አላልቶ፣ ሴቲቱ አስቀድማ ላዘጋጀችው ጥያቄ ወንዱ መልስ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ጠበብ ያለው ገጽ የሚመስሉንን ሰዎች በአንድ ስፍራ ይሰበስብልናል፤ ነገር ግን የሰዎቹ ቍጥር ያንሳል፤ በምንኖርበት ከተማ ያሉትም ከእጅ ጣት ላይበልጡ ይችላሉ። በአንድ ሕዝብ መካከል የቆመ ገጽ ሌላም ነገር አለበት፤ ሁሉም የሚተዋወቅ ስለ ሆነ ምስጢር አይጠበቅም፤ በሌላ ወገን ግን ሐሰተኛውን መጠየቅ ይቀልላል። ሰፊው ገበያ ደግሞ ሰው ያበዛል፤ ገለባውንም ያበዛል። ስለዚህ የምንመክረው አንድ ሰፊ፣ አንድም ጠባብ ገጽ መርጦ ገንዘብ ሳይከፍሉ ለጥቂት ሳምንት መመልከት ነው። በከተማው ወይም በአካባቢው፣ በዕድሜው አቅራቢያ ስንት ሰው አለ? ከእነርሱስ በቅርብ ቀን የገባ ስንት ነው? ጽሕፈታቸው የሚያስተውል ሰው ጽሕፈት ነውን? ይህን ማየት ከማናቸውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የገጾቹ ባለቤቶች «እኛ በሳይንስ እናጋባለን» የሚሉትን ቃል በልክ መስማት ይገባል። ኢላይ ፊንክል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅና ባልደረቦቹ በ2012 ዓ.ም. ባወጡት ሰፊ ምርመራ፣ በኮምፒዩተር ስሌት ሰውን ከሰው ማዛመድ ከሌላው የመገናኛ መንገድ የሚሻል መሆኑን የሚያሳምን ማስረጃ አላገኙም። ሁለት ሰዎች ገና ሳይተያዩ የሚሰጡት መልስ፣ ከተያዩ በኋላ በመካከላቸው የሚሆነውን ሊናገር አይችልምና። ገጹ በር ይከፍታል እንጂ ትዳር አይሠራም። ደግሞም ብዙ የሚመስሉን ገጾች ባለቤታቸው አንድ ሊሆን ይችላል፤ ማች፣ ቲንደር፣ ኦኬኪውፒድ፣ ሂንጅና አወርታይም ሁሉም በአንድ በማች ግሩፕ ሥር ያሉ ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው በር ለወጠ እንጂ ባለ ቤት አልለወጠም።

ሦስተኛ፤ ስለ ገንዘብ ነው። አብዛኞቹ ገጾች መግባቱን በነጻ ያደርጉና መልእክት ለማንበብ ወይም ለመጻፍ ክፍያ ይጠይቃሉ። ክፍያ መኖሩ ብቻውን ክፉ አይደለም፤ የሚከፍል ሰው ለቀልድ የመጣ አለመሆኑን በመጠኑ ያሳያል። ነገር ግን ውሉን አንብቦ መፈረም የሚያውቅ ሰው እዚህም ማንበብ ይገባዋል። የአንድ ወር ዋጋ ብለው የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ የስድስት ወር ወይም የዓመት ዋጋ ተካፍሎ ነው፤ የሚከፈለው ግን በአንድ ጊዜ ነው። ውሉም ባለቤቱ ካልሰረዘው በራሱ ጊዜ ይታደሳል። መተግበሪያውን ከስልክ ማጥፋትም ውሉን አያፈርስም፤ ስምንና ፎቶግራፍንም ከገጹ አያወጣም። ሁለቱንም ለየብቻ መሰረዝ ያስፈልጋል።

ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ዓ.ም. ማች ግሩፕን ከሶት ነበር። በክሱም ውስጥ በስድስት ወር ጓደኛ ላላገኘ ሰው ሌላ ስድስት ወር በነጻ እንሰጣለን ሲል ያለበትን ግዴታ በግልጥ አላሳየም፣ ደንበኞችም ውላቸውን ለማቋረጥ እንዲቸገሩ አድርጓል የሚል ይገኝ ነበር። ማኅበሩም በነሐሴ ወር 2025 ዓ.ም. 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነገሩ አለቀ። እንግዲህ በዓለም የታወቀው ነጋዴ እንዲህ ካደረገ ያልታወቀው ምን ያደርግ ይሆን ብሎ መጠርጠር ብልኅነት ነው። በመጀመሪያ ከአንድ ወር ለሚበልጥ አለመክፈል፣ የሚታደስበትንም ቀን በቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል።

አራተኛ፤ ስለ ስምና ስለ ክብር ነው። ሹመትና ማዕርግ ያለው ሰው፣ ልጆችና የልጅ ልጆች ያሉት ሰው፣ ስሙ ከገንዘቡ ይበልጥበታል። በ2015 ዓ.ም. አሽሊ ማዲሰን የሚባለውን ገጽ ሌቦች ሰብረው ከ30 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑ ሰዎችን መዝገብ ለዓለም በተኑት። ያ ገጽ ያገቡ ሰዎች በስውር የሚገናኙበት ስለ ነበር ብዙ ቤት ታወከ። ከዚህ የምንማረው በኢንተርኔት ላይ የተጻፈ ነገር ሁሉ አንድ ቀን በአደባባይ ሊነበብ እንደሚችል ማሰብ እንደሚገባ ነው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን የኢሜይል አድራሻና ለሌላ ያልዋለ የይለፍ ቃል ማበጀት፣ የመሥሪያ ቤትን ስም፣ የቤትን አድራሻና የልጆችን ስም አለመጻፍ፣ ልጆች ያሉበትን ፎቶግራፍም አለመለጠፍ ይገባል። ዕድሜን፣ ጋብቻ የነበረ መሆኑንና ልጆች መኖራቸውን ግን ሳይደብቁ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ፎቶግራፉም የዛሬ ሃያ ዓመት የተነሡት ሳይሆን የዘንድሮው ይሁን። ከሌላው እውነት የሚፈልግ ሰው ራሱ በሐሰት አይጀምርም። ልብስ የጎደለበትን ሥዕል ወይም ቪዲዮ ለማያውቁት ሰው መላክ ግን ሰንሰለትን ሰጥቶ እሰረኝ እንደ ማለት ነው፤ በዚያ ሥዕል እያስፈራሩ ገንዘብ የሚጠይቁ ብዙ ናቸውና።

አምስተኛና ከሁሉ የሚበልጠው ስለ አታላዮች ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዳስታወቀው፣ በ2022 ዓ.ም. ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መታለላቸውን አመልክተዋል፤ የጠፋውም ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው። የተበዳዮቹ ሁሉ ኪሳራ ከትንሹ እስከ ትልቁ ቢደረደር መካከለኛው 4,400 ዶላር ነው። ይህም ደፍረው የተናገሩት ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስነው የፒው ማዕከልም ከገጾቹ ተጠቃሚዎች 52 በመቶ የሚሆኑት ሊያታልላቸው የሞከረ ሰው እንዳጋጠማቸው እንደሚያምኑ ጽፏል።

የአታላዩ መንገድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ወታደር ነኝ፣ በባሕር ላይ ነዳጅ የማወጣ መሐንዲስ ነኝ፣ በሩቅ አገር የምሠራ ሐኪም ነኝ ይላል፤ ይህም እንገናኝ ሲባል የማይመጣበትን ምክንያት አስቀድሞ ለማዘጋጀት ነው። ቶሎ ብሎ ከመተዋወቂያው ገጽ ወደ ዋትስአፕ ወይም ወደ ቴሌግራም እንሂድ ይላል፤ ይህም ገጹ ሐሰተኛ መሆኑን አውቆ ሲያባርረው ከሰውየው ጋር እንዳይቈራረጥ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ፍቅሩን ይናገራል፤ ጠዋት ማታ ይጽፋል፤ የሞተውን ባል ወይም ሚስት ስም እየጠራ ያጽናናል። በወሩ ወይም በሁለተኛው ወር ታምሜአለሁ፣ ታስሬአለሁ፣ የላክሁልሽ ዕቃ በጉምሩክ ተይዟል የሚል መልእክት ይመጣል። ወይም ደግሞ ምንም ሳይለምን እኔ በክሪፕቶ ገንዘብ በልጽጌአለሁ፣ ላስተምርህ ይላል፤ በሐሰተኛ ገጽ ላይም ገንዘቡ በየቀኑ ሲጨምር ያሳያል። ባለ ገንዘቡ ላውጣው ባለ ጊዜ ግን አስቀድመህ ቀረጥ ክፈል ይባላል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። በ2022 ዓ.ም. ከጠፋው ገንዘብ ከ60 በመቶ የሚበልጠው የሄደው በክሪፕቶና በባንክ ሐዋላ ነበር፤ ሁለቱም አንድ ጊዜ ከሄዱ ለመመለስ የሚያስቸግሩ ናቸው።

በዚህ ነገር ውስጥ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲያደርጉት የምንወደው አንድ መራራ እውነት አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ጽሕፈት ቤት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በማይንማር ቢያንስ 120,000፣ በካምቦዲያም 100,000 ያህል ሰዎች በግዳጅ ተይዘው በኢንተርኔት ሰው እንዲያታልሉ ሳይደረጉ እንዳልቀሩ ገልጿል። እነዚህ ሰዎች ጥሩ ሥራ አለ ተብለው ከየአገሩ የተወሰዱ ናቸው። በየካቲት ወር 2025 ዓ.ም. ከእንዲህ ያሉ ግቢዎች ወጥተው ከማይንማር ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ያህል ሰዎች ከእኩሌታ የሚበልጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እንግዲህ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ብቻዋን ለምትኖር ሴት ሌሊት የሚጻፈው የፍቅር ቃል፣ እናቱ በአገር ቤት የምታለቅስለት፣ ዱላ ከራሱ በላይ የቆመበት ወጣት የጻፈው ሊሆን ይችላል። ለዚህ ሥራ ገንዘብ የላከ ሰው ራሱን ብቻ አልጎዳም፤ የታሰሩትንም ሰዎች ሰንሰለት አጽንቷል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ይሁን። በአካል አግኝተው ላላወቁት ሰው በባንክም፣ በቴሌብርም፣ በስጦታ ካርድም፣ በክሪፕቶም ቢሆን ምንም ገንዘብ አይላክ። ገንዘብ ተቀብለህ ለሌላ አስተላልፍልኝ ቢል እሺ አይባል፤ በሌባ ገንዘብ መተላለፊያ መሆን በሕግ ያስጠይቃልና። የላከውን ፎቶግራፍ በጉግል ሥዕል መፈለጊያ ውስጥ አስገብቶ ሌላ ስም ይዞ መውጣት አለመውጣቱን ማየት ይገባል። ፊት ለፊት በቪዲዮ ሳይነጋገሩም ብዙ ቀን መጻጻፍ አይገባም። ዳሩ ግን ዛሬ መልክንና ድምፅን በኮምፒዩተር አስመስሎ መሥራት ስለ ተቻለ፣ ቪዲዮ መጀመሪያ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል።

ስድስተኛ፤ ምስክሩን መልሶ ስለ ማምጣት ነው። አታላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው ገንዘብ አይደለም፤ ምስጢር ነው። «ነገራችንን ለልጆችሽ አትንገሪ፣ ይቀኑብናል፤ ለወንድምህ አትንገር፣ ይሥቅብሃል» ይላል። ከላይ ያነሣነው የሰዎች ሣቅ ክፉ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ እናቱን ወይም አባቱን በዚህ ነገር ያሳፈረ ልጅ ሳያውቀው ለሌባው በር ከፍቷል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ስለዚህ ይህን መንገድ የጀመረ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የሚያምነው ሰው፣ እኅትም ወንድምም፣ የክርስትና ልጅም የድሮ ባልንጀራም ቢሆን፣ የሚጻጻፈውን እንዲያውቅ ያድርግ። ያም ሰው ልቡ በፍቅር ስላልተያዘ የሚያየው ነገር ይበዛል፤ እንደ ቀድሞው ሽማግሌም ይሆናል።

የመጀመሪያው ግንኙነት በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት ወይም ሆቴል ይሁን፤ ሲሄዱም ሲመለሱም በራስ መጓጓዣ ይሁን፤ የሚያምኑት ሰውም ስፍራውንና ሰዓቱን ይወቅ። ከሦስትና ከአራት ጊዜ በኋላ ነገሩ ወደ ቁም ነገር ያመራ እንደ ሆነ የሌላውን ወዳጆች፣ ልጆችና የሥራ ባልደረቦች ማየት ያስፈልጋል። እውነተኛ ሰው ዘመድና ወዳጅ አለው፤ ሊያሳያቸውም አይፈራም። በስድስት ወር ውስጥ አንድ ሰው ስንኳ ያላስተዋወቀ ሰው ወይ ሌላ ትዳር አለው፣ ወይም እኔ እገሌ ነኝ ያለው ሰው አይደለም። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ቀድሞም ሽማግሌ ይጠይቀው የነበረው ይህንኑ ነው።

ሰባተኛ፤ ነገሩ ወደ ጋብቻ የደረሰ እንደ ሆነ ሕግን መመልከት ይገባል። በአገራችን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ በእኛ አቈጣጠር አዋጅ ቍጥር 213/1992፣ የቀድሞ ጋብቻው ያልፈረሰ ሰው ሌላ ጋብቻ እንዳይፈጽም ይከለክላል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የቤተ ሰብ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ፈትቻለሁ ለሚል ሰው የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ ሞታብኛለች ለሚልም የሞት ምስክር ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ጥርጥር ሳይሆን ሥርዓት ነው። ያው ሕግ ጋብቻዋ የፈረሰ ሴት 180 ቀን ሳይፈጸም እንደ ገና እንዳታገባ ያዝዛል፤ እርጕዝ አለመሆንዋ በሐኪም ከተረጋገጠ ግን ቀኑን መጠበቅ አያስፈልጋትም።

ስለ ንብረትም እንዲሁ ነው። ባልና ሚስት በጋብቻቸው ቀን በየግላቸው የነበራቸው ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል፤ ነገር ግን ከጋብቻው በኋላ ከግል ንብረት የሚገኘው ገቢ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ፣ የጋራ ይሆናል። ከሞተው አባታቸው ወይም ከሞተችው እናታቸው ድርሻ የሚጠብቁ ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕጉ ከጋብቻው በፊት ወይም በጋብቻው ዕለት ስለ ንብረት ውል መዋዋልን ስለሚፈቅድ፣ በፍቅር ዘመን በሰላም ተነጋግሮ መጻፍ በጠብ ዘመን በችሎት ከመከራከር ይሻላል። ልጆችም ነገሩን አስቀድመው ከወላጃቸው አፍ ይስሙት፤ በሰርጉ ዋዜማ ከጎረቤት የሰሙት እንደ ሆነ እንግዳውን ሰው ወራሽ ሊሆን የመጣ አድርገው ያዩታል። በውጭ አገር የሚኖር ደግሞ የሚኖርበትን አገር ሕግ አዋቂ ይጠይቅ።

እንግዲህ «የትኛው ገጽ ይሻላል?» ለሚለን ሰው የምንመልሰው ይህ ነው። የሚሻለው ገጽ በዕድሜውና በከተማው የሚስማሙ በቂ ሰዎች ያሉበት፣ ዋጋውንና መውጫውን በግልጥ የሚያሳይ፣ የገባውን ሰው ማንነት የሚመረምር፣ በአታላይ ላይ አቤት ሲሉት ፈጥኖ የሚሰማና ከማኅደሩ ደምስሱኝ ሲሉት የሚደመስስ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለበትን ገጽ ማስታወቂያው ቢያምርም መተው ይገባል። ፈላጊው ደግሞ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን አይርሳ፤ ዕድሜዬ ሄደ ብሎ የሚቸኩል ሰው ለአታላይ የተመቸ ነው። ያው የፒው ጥናት ግን በአሜሪካ ትዳር ወይም የጸና ወዳጅነት ካላቸው ዐሥር ሰዎች አንዱ ጓደኛውን በእነዚህ ገጾች እንዳገኘ ይመሰክራል። መንገዱ እውነተኛ ሰዎችም የሚሄዱበት ነውና፣ ዓይኑን ገልጦ፣ ገንዘቡን ይዞ፣ ወዳጁንም አማክሮ የሚሄድ ሰው ሊያፍር አይገባውም።